ከአስፋልቱ ማዶ የተነሣው እጅ

ደሴ ካለው መነጽር ቤት ስወጣ የሌለ ደረጃ ወረድኩ። እግሬን ዝቅ አድርጌ ላሳርፍ ስል መሬቱ ካሰብኩት ቦታ ቀድሞ ጠበቀኝና ከተረከዜ እስከ ጥርሴ ነዘረኝ። በሩ ላይ የተቀመጡት ዘበኛ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ አዲስ መነጽር ያደረገ ሁሉ እዚህች ጋ ይደናቀፋል» አሉኝ። ያን ቀን የሚያጽናናኝ ሰው አልፈለግኩም ነበር። «ታዲያ ሰው ሁሉ የሚደናቀፍበትን ቦታ ለምን አያስደለድሉትም?» ብዬ ተቆጣኋቸው። መሬቱ ለጥ ያለ ሲሚንቶ ነበር።

ቁጡ ነኝ፤ ጎረቤትም ዘመድም ያውቀዋል። ሐይቅ ከተማ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ስሆን፣ ያን መነጽር እስካደረግኩበት ቀን ድረስ ተማሪዎቼን የማውቃቸው በድምፃቸው ነበር። ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ያለው ሁሉ ለእኔ አንድ የዩኒፎርም ጭጋግ ነው። የኋላዎቹ ሲንጫጩ ጣቴን ወደ ጭጋጉ ቀስሬ «አንተ!» ስል አራት ልጆች ብድግ ይላሉ፤ አራቱንም እቆጣለሁ፤ ከአራቱ አንዱ አጥፊ መሆኑ አይቀርም። ቅርብ ያለው ነገር ግን ጥርት ብሎ ይታየኛል። ደብተር አፍንጫዬ ሥር ደቅኜ አርማለሁ፣ መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ። ስለዚህ ዓይኔ ችግር አለበት ብዬ አስቤም አላውቅ። ሩቅ ነገር ለሰው ሁሉ እንደዚያ የሚታይ ይመስለኝ ነበር። እናቴም በልጅነቴ ዓይኔን ሳጨናብስ ስታየኝ፣ «አትኮሳተሪ፣ ባል ታጪያለሽ» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልጠረጠረችም።

መነጽሩን የገዛሁት ግን ለክፍሌ ስል አልነበረም። አንዲት ሴት እንድታምነኝ ስል ነው።

ይህች ሴት አብሮ አደጌ ናት። ያደግነው አርዲቦ ሐይቅ ዳር ባለች መንደር ነው። የእነሱን ግቢ ከእኛ ግቢ የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ነበር፤ እሱም ከመመላለሳችን ብዛት መሀሉ ተበስቶ በር ሆኗል። እነሱ እስላም፣ እኛ ክርስቲያን ነን። በፋሲካ እናቴ ሁለት ዶሮ ታዘጋጃለች፤ አንዱን አባቴ ያርዳል፣ ሌላውን የእሷ አባት መጥተው ቢስሚላህ ብለው ያርዳሉ። ድስቱ ለየብቻ ይጣዳል፣ ጨዋታው ግን አንድ ነው። በዒድ ደግሞ ተራው የእነሱ ይሆናል። ሰርግ ላይ አምባሰል ሲዘፈን እሷ ታወጣለች፣ እኔ እቀበላለሁ፤ የእኔ ድምፅ ያለ እሷ ድምፅ እዚህ ግባ እንደማይባል መንደሩ ሁሉ ነግሮኛል። የእሷን እናት እኔም እንደ ልጇ «እምዬ» ነው የምላት።

ከዚያ እኔ መምህራን ኮሌጅ ገባሁ፣ እሷ ዓረብ አገር ሄደች። ስምንት ዓመት ቆየች። ድምፅዋን በስልክ እየቀዳች ትልክልኝ ነበር፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ማዳሟ ድመት፣ በረመዳን ስለምታጥበው የሳህን ክምር ታወራልኛለች። እኔም ማን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ፣ የአርዲቦ ውኃ ሞላ ጎደለ እያልኩ እልክላታለሁ። በመጨረሻው ዓመት ድምፅዋ ጠፋ። ለእናቷም አልደወለችም።

ለውጥ መጣ ተብሎ አገሩ ሁሉ ሌላ ወሬ ባልነበረው ሰሞን፣ ዓረብ አገር ታስረው የነበሩ ልጆች እየተፈቱ በአውሮፕላን ይመጡ ነበር። እሷም ከእነሱ ጋር መጣች። መምጣቷን የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ድፎ ዳቦ ጋግሬ፣ ስኳር ገዝቼ አርዲቦ ድረስ ከነፍኩ። እምዬ በራፍ ላይ ተቀበለችኝ። እሷ ግን መደብ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። «ደክሞኛል» አለች፤ ዞር እንኳ አላለችም። እምዬ በእኔና በልጇ ጀርባ መካከል ዓይኗን ታንከራትታለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ዝናብ ስናወራ ቆይቼ ተነሣሁ።

ደሜ ፈላ። «ዓረብ አገር ገባሁ ብላ ኮራች!» አልኩ። ዳቦዬን ይዤ አለመመለሴ ራሱ ትዕግሥት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ እሷ ሐይቅ ከተማ መጥታ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መገንጠያ ላይ ዓሣ መጥበሻ ቤት ከፈተች። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ በኩል ማለፍ ትቼ በጓሮ መንገድ መዞር ጀመርኩ። ለቅሶ ላይ ብንገናኝ እሷ በዚያ ጥግ፣ እኔ በዚህ ጥግ። ሰርግ ላይ አምባሰል ሲመጣ ሰው ሁለታችንን ያያል፤ ሁለታችንም ጉንፋን ይዞናል እንላለን። እንዲህ ሆነን ሦስት ዓመት አለፈ። ስሟ ሲነሣ የምናደድ እመስል ነበር እንጂ፣ እውነቱን ልናገር ከተባለ ትናፍቀኝ ነበር።

ለነገሩ ወደ ኋላ ተመልሼ አንድ ነገር ልናገር። በእኛ አገር ሰላምታ ቀላል ነገር አይደለም። ከሩቅ ይጀመራል፤ ከማዶ እጅ ይነሣል፣ ሲቀራረቡ ልጁ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ አንድ በአንድ ይጠየቃል። ዓይን ለዓይን ተያይቶ ሰላም ሳይል ያለፈ ሰው ወይ ቂም ይዟል ወይ ጠግቧል፤ ሦስተኛ ምክንያት የለም። እኔ ደግሞ ሰው ከሩቅ መለየት ስለማልችል ሳላውቀው አንድ ዘዴ ፈጥሬ ነበር፤ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም እላለሁ። ባጃጅ ሾፌሩን፣ መንገደኛውን፣ ከአውቶቡስ ወርዶ የሚንጠራራውን እንግዳ ሁሉ። በዚህም «ሰው አክባሪ ናት» እየተባልኩ ተመስግኛለሁ።

አንድ ጠዋት ታዲያ ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ የተሰጣ ጋቢ አይቼ «እንደምን አደሩ አባባ» ብዬ ጎንበስ ስል ባልደረቦቼ ያዙኝ። ሳምንቱን ሙሉ «አባባ ጋቢ ደህና ናቸው?» እያሉ ፈጁኝ። እልኸኛ ነኝና ከዚያ ቀን ጀምሮ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ፊት ለፊቴን ብቻ እያየሁ፣ አፍ አውጥቶ ቀድሞ ሰላም ላላለኝ ሰው ሰላም ሳልል መሄድ ጀመርኩ። ይህ የሆነው አብሮ አደጌ ከዓረብ አገር በተመለሰችበት ሰሞን ነበር።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲደርስ ጤፉ ለአጨዳ ደርሶ ነበር። የወልድያ መንገድ በሰው ተሞላ። ፍራሽ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት፣ አዛውንት እናቱን በጋሪ የጫነ ሁሉ ወደ ደሴ ይተም ነበር። እኔ ከሰዉ ተለይቼ በእግሬ ወደ አርዲቦ ሄድኩ፤ የሟች ወላጆቼ ቤት ባዶውን ነበር። እምዬ «ከቤቴ ንቅንቅ አልልም» ብላ ብቻዋን ቀርታ አገኘኋት። ልጇ የከተማው ሰው ሲሸሽ ከጎረቤቶቿ ጋር ወደ ኮምቦልቻ በኩል ወጣች መባሉን እንጂ የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። ስልክ የለም፣ መብራት የለም። ከባድ መሣሪያ አንዳንድ ቀን ከወደ ደሴ፣ አንዳንድ ቀን ከወደ ውጫሌ ይሰማል። እኔና እምዬ ከመንደሩ ሰው ጋር ጤፍ እያጨድን፣ ያለችንን ሽሮ እየተካፈልን ከአንድ ወር በላይ ተቀመጥን። ስለ ልጇ ብዙ አታወራም ነበር። ዓይኗ ግን ከመንገዱ አይነቀልም።

አንድ ከሰዓት በኋላ በራፏ ላይ ተቀምጠን ምስር ስንለቅም የእምዬ እጅ ድንገት ቆመ።

«ያ ረቢ! ያቺ ልጄ ናት?»

«የቷ?» አልኳት።

«ያቺ! በግራሩ ሥር የምትመጣው! ጥቁር የለበሰችው!»

ግራሩን አየሁት፤ እሱም ትልቅ ስለሆነ ነው። ሥሩ ያለው ነገር ሰው ይሁን ጉቶ አልለየሁም። «እምዬ፣ እኔ ማንም አይታየኝም» አልኩ።

ሴትዮዋ ስትቀርብ የማዶ መንደር ሰው ሆና ተገኘች። ሰላም ብላን አለፈች። እምዬ ሐዘኗን ዋጥ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። «አንቺ ልጅ፣ የእውነትሽን ነው አላየሻትም? ቀሚሷን እንኳ?»

«የእውነቴን ነው። እዚያ ድረስ ማን ያያል?»

«ሰው ሁሉ ነዋ የሚያይ!» አለች። ሰፌዱን ከጭኗ አወረደች። ከዚያ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ወይኔ ልጄን! እንግዲያ ያን ቀንም አላየሻትም ነበር!»

ነገሩን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ልጇ ከዓረብ አገር የተመለሰች ቀን ሐይቅ ላይ ከሚኒባስ ወርዳ አስፋልቱ ዳር ቆማ ነበር፤ ጥቁር አባያ ለብሳ፣ አንድ ሻንጣ ይዛ። ስምንት ዓመት ተሠርቶ አንድ ሻንጣ። የሚያውቋት ሰዎች ፊት እንዴት እንደምትቀርብ እየጨነቃት ሳለ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ከአስፋልቱ ማዶ ስመጣ አየችኝ። እጇን አነሣች። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ዓይኔን ዓይኗ ላይ ተክዬ አየኋትና መንገዴን ቀጠልኩ። እቤት ገብታ ለእናቷ፣ «እሷ እንኳ ሻንጣዬን አይታ ናቀችኝ» አለቻት።

የሚያሳፍረኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት መሆኑ ነው። «ለምን አልጠራችኝም? አፍ የላትም?» አልኩ። እምዬም «የናቀን ሰው እየጮኹ ይጠሩታል እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ንዴቴ በረደና እንባዬ መጣ። ያቺ ልጅ አገሯ ገብታ መጀመሪያ ያየችው የራሷ ሰው እኔ ነበርኩ፤ እጇን አንሥታ ቆማ ቀረች። አሁን ደግሞ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ናቀችኝ እንዳለች ብትሞትስ? ከዚያ ቀን ወዲያ መሣሪያ በተሰማ ቁጥር የማስበው ይህንኑ ነበር። እምዬ «አብሽሪ፣ አላህ ያመጣታል» ትለኛለች። ልጇ የጠፋባት እሷ፣ የምጽናናው እኔ።

አመጣትም። መንገዱ ሲከፈትና ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ እሷም ተመለሰች፤ ከስታ፣ ፀሐይ አክስሏት፣ ግን በሁለት እግሯ ቆማ። ወሬውን ስሰማ ጓዳ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። በዚያው ቀን እየሮጥኩ ሄድኩ። የዓሣ ቤቷ በር ተገንጥሏል፣ መጥበሻዋ የለም፤ እሷ ወለሉን ትጠርጋለች። «እንኳን በሰላም ተመለስሽ» ብዬ ላቅፋት ስል መጥረጊያውን በመካከላችን እንደያዘች ቀና አለች። «እንኳን አብሮ» አለች፤ በቃ።

ቸኮልኩ። «ያን ቀን እኮ አላየሁሽም ነበር» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ውሸት መሰለኝ። በከተማችን ጥፋት ያለበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያመልጥባት ቃል «አላየሁሽም» ናት።

«ዓይንሽ ዓይኔ ላይ ነበር» አለች።

«እናትሽን ጠይቂያት!»

«እናቴ ድሮም ላንቺ ታዳላለች።» መጥረጓን ቀጠለች። «ባይሆን አላወቅኩሽም በዪኝ። ጠቁሬ፣ ከስቼ ነበርና አምንሽ ይሆናል። አላየሁሽም ግን አትበዪኝ።»

 ምላሴ ለቁጣ እንጂ ለዚህ እንደማይጠቅመኝ ገባኝ። የደሴ ሱቆች እንደገና መከፈት ሲጀምሩ ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ።

የሚመረምረው ወጣት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳየኝ። ሹካ የመሰሉ ምልክቶች አሉበት፤ ጣታቸው ወደየት እንደዞረ በእጅ ማሳየት ነው። ትልቁን አወቅኩ። ሁለተኛውን ገመትኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ «እዚህ ጋ ምንም አልተጻፈም» አልኩት። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «እስከ ዛሬ በምንድን ነው የምትሄጂው?» አለኝ። «በእግዚአብሔር» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

መነጽሩን ሁለት ሳምንት ሳላወልቅ እንድውል አዘዘኝ። የመጀመሪያው ቀን ስመለስ በሚኒባሱ መስኮት የባሕር ዛፍ ቅጠል አየሁ። ቅጠል እንዳለው አውቃለሁ፤ ከሥሩ ስጠርገው ነው የኖርኩት። ግን ዛፉ ላይ እያለ አንድ በአንድ ይታያል ብዬ አስቤ አላውቅም። አጠገቤ የተቀመጡትን እናት «ይታየዎታል?» አልኳቸው። «ምኑ?» አሉኝ። «ቅጠሉ!» ስላቸው ትንሽ ፈቀቅ ብለው ተቀመጡ።

የሚታየው ሁሉ ደስ የሚል አልነበረም። ከመንገዱ ዳር የተቃጠሉ መኪናዎች አየሁ። በከተማችን ግድግዳዎች ላይ ቆሻሻ የመሰለኝ ነጠብጣብ የጥይት ቀዳዳ ኖሯል። የማውቃቸው ሰዎች ፊት ላይ፣ ባለፈው ዓመት ያልነበረ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያላየሁት ብዬ የማልለየው ብዙ መስመር ነበር። ቤቴ ስገባ ደግሞ ኮርኒሱ ጥግ ላይ የሸረሪት ድር እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። እኔ ንጹሕ ሴት ነኝ እያልኩ በስንቱ ሰው ቤት ላይ አፌን ከፍቻለሁ! ልጠርግ ወንበር ላይ ወጣሁ፤ ስወርድ ወለሉ እንደገና አታለለኝና በመቀመጫዬ ወረድኩ። ራሴን ያዞረኛል፣ አፍንጫዬ ግራና ቀኝ ቀላ፣ ሽሮው ሲንተከተክ እንፋሎቱ መስታወቱን ይሸፍነዋል። ሁለት ጊዜ ከነመነጽሬ ፊቴን ታጠብኩ። ደግሞ አንድ ጠዋት መነጽር ጠፋብኝ ብዬ ቤቱን ሳምሰው፣ መነጽሩ ሲፈለግ የነበረው በራሱ በመነጽሩ ነበር።

ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ ዝም በሉ ሳልላቸው ዝም አሉ። የኋላውን ረድፍ አየሁት። ለካ ፊት አላቸው! አንዷ ሽምብራ ቆሎ እያኘከች ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ገጠመች፤ እሷ ማኘኳን አቆመች፣ እኔ ማስተማሬን አቆምኩ። በከንቱ ብድግ ያደረግኳቸውን የስንት ዓመት ልጆች በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩ። ባልደረቦቼ «ፕሮፌሰር» አሉኝ፤ አንዱም «አባባ ጋቢ ሰላም ብለውሻል» አለኝ። ሁልጊዜ እንደ አንድ ሰው የማነጋግረው ባጃጅ ሾፌር ሁለት ወንድማማች ሆኖ ተገኘ፤ ለካ «ሚስትህ በሰላም ተገላገለች ወይ?» እያልኩ የጠየቅኩት ያላገባውን ነበር። ከተማው ደግሞ የራሱ ወሬ ነበረው። «በጦርነት ማግስት መነጽር! አሁንስ ጭራሽ ኮራች» ተባልኩ።

ቢሆንም እያደር ቀለለኝ። ራሴን ማዞሩ ተወኝ፣ ወለሉም ቦታውን ያዘ። አንድ ቅዳሜ ለስብሰባ ውጫሌ ሄጄ ስመለስ የአምባሰልን ተራራ አየሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔ አምባሰል ሰማይ ሥር የተዘረጋ ሰማያዊ ነገር ነበር። አሁን ገደሉ ስንጥቅ አለው፣ ጫፉ ላይ ዛፍ አለው፣ ወገቡ ላይ ጭስ የሚወጣባቸው ጎጆዎች አሉት። በስንት ሰርግ ስሙን ተቀብዬዋለሁ! «አየሽው?» ልላት ወደ ጎኔ ዞርኩ። ጎኔ ያለው የሽንኩርት ጆንያ ነው። በዚያው ሚኒባስ ውስጥ፣ ዛሬ ካልነገርኳት አልተኛም ብዬ ወሰንኩ።

መገንጠያው ላይ ወረድኩ። ዓሣ ቤቷ አዲስ የቆርቆሮ በር ተገጥሞለት ተከፍቷል። ከአስፋልቱ ማዶ ቆሜ አየኋት። ቆሮሶ ዓሣ ትጠብሳለች፤ ዘይቱ ሲፈነጥቅ ፊቷን ታዞራለች። ከሻሿ ሥር ሽበት ብቅ ብሏል። ከዚያ ርቀት ሆኜ አይቻት አላውቅም ነበር፤ በልጅነታችንም ቢሆን። ተሻግሬ ፊቷ ቆምኩ።

መነጽሬን አየችው። «አማረብሽ» አለች። «ማስረጃ ገዝተሽ መጣሽ?»

«አዎ፣ ማስረጃ ነው። አድርጊውና እዪ።»

እጇን በሽርጧ ጠርጋ ከፊቴ ላይ ወሰደችው። እንዳደረገችው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። «ያ አላህ! ምድሩ ሸሸኝ! ዓሣው ጣት አከለ!» አወለቀችውና ዓይኗን አሸች። «ይሄን አድርጎ የሚያይ ማን ነው?»

«ያለሱ የማያይ ሰው» አልኳት።

 አውቃታለሁ፤ በነገሯት አታምንም። ልጅ ሳለን የአርዲቦ ውኃ ከዳሩ ይጠልቃል ሲሏት እስከ አንገቷ ገብታ የለካች ናት። መነጽሬን እንደያዘች ምድጃውን ዝቅ አደረገችና ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች። «እዚህ ቁሚ። እንዳትንቀሳቀሺ» አለችኝ።

አስፋልቱን ስትሻገር ከዓይኔ ጠፋች። ማዶ ጥቁር ጥቁር ነገሮች ይታዩኛል። አንዱ እሷ ናት፣ አንዱ የመብራት ምሰሶ ነው፣ አንዱ የቆመ ባጃጅ ይሆናል። የቆመችው ያን ቀን ሻንጣዋን ይዛ በቆመችበት ቦታ መሆኑን ሳትነግረኝ አወቅኩ።

«ምን እያደረግኩ ነው?» ብላ ጮኸች።

ምን እንደምታደርግ ገምቼዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስገምት የኖርኩ ሴት ነኝ፤ «እጅሽን አንሥተሻል» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ብናገር ልክ ነበርኩ፤ ግን ያን ቀንም አይቻታለሁ ማለት ይሆን ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁት። 

«አላውቅም!» ብዬ ጮኽኩ። «የትኛዋ እንደሆንሽም አላውቅም! ድምፅሽን ነው የሰማሁት!»

 አንድ ትልቅ የጭነት መኪና አለፈ። ሰዉ ሁሉ ሥራውን ትቶ ያየን እንደነበረ በኋላ ነገሩኝ፤ ለእኔ ግን ጭጋጉና ዝምታው ብቻ ነበር። ከኋላዬ ዓሣው ማረር ጀመረ። አትንቀሳቀሺ ስለተባልኩ አላወጣሁትም።

ከዚያ ከጥቁሮቹ አንዱ ተንቀሳቀሰ። አስፋልቱን ተሻገረ። ጥቁሩ ቀሚስ ሆነ፣ ቀሚሱ ሰው ሆነ። ጥቂት እርምጃ ሲቀራት እጇን አየሁት። ከራሷ በላይ ተነሥቷል፤ መነጽሬ በጣቶቿ መካከል ነው። ከማዶ ጀምራ አላወረደችውም ነበር። ፊቷ በእንባ ርሷል።

«አሁን ነው ያየሽኝ?» አለች።

«አሁን ነው።»

«እዚህ ስደርስ?»

«እዚህ ስትደርሺ።»

«ሦስት ዓመት!» ብላ በጡጫ ትከሻዬን መታችኝ። «ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አንቺ ዕውር! አትነግሪኝም?»

«አንቺስ አፍ የለሽም? አትጠሪኝም?» አልኩ፤ ቁጣዬ የትም አይቀር። ከዚያ ተቃቀፍን። ዓሣ ዓሣ ትሸታለች። ከደረቴ ላይ የተነሣልኝን ነገር ክብደት ያወቅኩት ከተነሣ በኋላ ነው፤ በርጩማ ስቤ ቁጭ አልኩ።

መነጽሩን በሽርጧ ጠረገችልኝ፤ ዘይቱን አባሰችበት እንጂ አልጠራም። አጣምማ አፍንጫዬ ላይ አደረገችው። ከዚያ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ቆመች፣ እጇን እንደገና አነሣችና ጠበቀችኝ። ምን እንደምትጠብቅ አወቅኩ።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አልኳት።

«እንኳን ደህና ቆየሽኝ» አለች።